የምናብ ጀግና ቡጢ ስንት ጁል ነው? ጥቃትን በፊዚክስ ፎርሙላ የመገመት አሠራር

የአኒሜና (የጃፓን አኒሜሽን ፊልም) የኮሚክ ወዳጆች አንድ ላይ ከተቀመጡ ክርክሩ ወዴት እንደሚያመራ የታወቀ ነው። ማን ማንን ያሸንፋል? አንዱ "የኔው በአንድ ቡጢ ይጨርሰዋል" ይላል። ሌላው "በምን አቅሙ!" ይላል። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ከፍ ያለው ይረታል።

ጩኸቱን ወደ ቁጥር መቀየር ይቻላል። ትዕይንቱን ትመርጣላችሁ፣ ትለካላችሁ፣ ፎርሙላ ውስጥ ታስገባላችሁ፣ መልሱን በጁል፣ ማለትም በኢነርጂ መለኪያ፣ ታወጣላችሁ። የሚያስፈልገው የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ፣ የስልክ ካልኩሌተርና ትዕግሥት ነው። በተለይ ትዕግሥት።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንግባባ። የምናሰላው ደራሲው በልቡ ያሰበውን አይደለም። ደራሲው ምናልባት ምንም አላሰላም፤ ተራራ ሲፈርስ ያምራል ብሎ ነው ያፈረሰው። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ይህ የተሳለው ነገር በእውነተኛው ዓለም እንዲሆን ቢያንስ ስንት ኢነርጂ ይጠይቃል? ምስሉ የግድ ከሚለው በላይ አንድ ጁል አንጨምርም። በዚህ ሥራ የሚበላሸው አብዛኛው ነገር የሚበላሸው ሰው ለሚወደው ጀግና ሲያዳላ ነው።

ደረጃ 1፦ የታየውን ከተባለው ለዩ

ታሪክ ውስጥ ሁለት ዓይነት ማስረጃ አለ። አንዱ በዓይናችን ያየነው ነው፤ ቋጥኝ ተሰበረ፣ ሕንፃ ተደረመሰ። ሌላው በአፍ የተነገረ ነው፤ "ይህ ምት ፕላኔት ያጠፋል!" ለስሌት የሚሆነን የመጀመሪያው ነው። ክፉው ገጸ ባሕርይ ጉራ ይነዛል፤ እንጀራው እሱ ነው። የተነገረውን ብቻ ይዛችሁ የምታወጡት ቁጥር የጉራውን እንጂ የምቱን መጠን አይነግራችሁም።

ማንጋውና (የጃፓኑ ኮሚክ) አኒሜው የሚለያዩ ከሆነ አንዱን ምረጡና እሱው ላይ ጽኑ። አኒሜ ብዙ ጊዜ ፍንዳታውን ያገዝፈዋል። የጉድጓዱን ስፋት ከአንዱ፣ ፍጥነቱን ከሌላው ወስዶ ማባዛት አያስኬድም።

ከዚያ የሆነውን ያለ ቅጽል በአጭሩ ጻፉ። "አስፈሪ"፣ "ግዙፍ" የሚሉት ይቅሩ። ለዚህ መመሪያ የሚሆን ትዕይንት እኔው ልፍጠር፦ አንድ ተዋጊ ዓለታማ ሜዳ ላይ መሬቱን በቡጢ ይመታል። ሳህን የመሰለ ጉድጓድ ይፈጠራል። ስባሪው ወደ 30 ሜትር ያህል ተነሥቶ ይወድቃል። ጓደኛው ጠርዙ ላይ ቆሞ ያያል።

ደረጃ 2፦ ማስመሪያ ፈልጉ

ምስሉ ውስጥ መጠኑን የምታውቁት ነገር ያስፈልጋችኋል። ከሁሉ የሚመቸው ሰው ነው። የብዙ ገጸ ባሕርያት ቁመት በይፋ የተጻፈ ነው፤ ካልተጻፈ ለአዋቂ ሰው 1.7 ሜትር ብትወስዱ ያስኬዳል። ሰው ከሌለ በር 2 ሜትር፣ የሕንፃ አንድ ደርብ 3 ሜትር፣ የቤት መኪና ደግሞ በርዝመት 4.5 ሜትር አካባቢ ነው።

ስክሪንሾት አንሡና ፒክስል በሚያሳይ የፎቶ ማስተካከያ ክፈቱት። በምሳሌያችን ጠርዙ ላይ የቆመው ጓደኛ ከእግር እስከ ራሱ 34 ፒክስል ወጣ እንበል። 1.7 ሜትር ለ34 ሲካፈል 0.05 ሜትር ነው። ስለዚህ አንድ ፒክስል 5 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ጉድጓዱ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 400 ፒክስል ከሆነ ስፋቱ 20 ሜትር ነው። ጥልቀቱ 80 ፒክስል ከሆነ 4 ሜትር።

ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ማስመሪያውና የሚለካው ነገር ከተመልካቹ እኩል ርቀት ላይ መሆን አለባቸው። ከጀርባ ርቆ የቆመ ትንሽ ሰው ወስዳችሁ ከፊት ያለውን ጉድጓድ ከለካችሁበት ጉድጓዱ ሐይቅ ያህላል። በተቃራኒው ከፊት የቆመ ሰው ከኋላ ያለውን ተራራ ጉብታ ያደርገዋል። በምሳሌያችን ጠርዙ ላይ የቆመውን ጓደኛ የመረጥኩት ለዚህ ነው። ስፋቱንም እሱ በቆመበት መስመር ለኩ፤ ወደ ተመልካቹ ቀርቦ የሚታየውን የጉድጓዱን ጫፍ አትውሰዱ።

ሌላው፣ ማስመሪያው አጭር ሲሆን ስሕተቱ ይባዛል። ከ34 ፒክስል ላይ አንድ ፒክስል ብትስቱ ርዝመቱ በ3 በመቶ ይዛባል። ይዘት የርዝመት ኩብ ስለሆነ እሱ ደግሞ በ9 በመቶ ይዛባል። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ከነበረማ ነገሩ ይብሳል። ስለዚህ ጥራቱ ከፍ ያለ ምስል ፈልጉ፤ ከተቻለም በሁለት የተለያዩ ማስመሪያዎች ለክታችሁ አመሳክሩ። ጥልቀቱ ከላይ ስለተሳለ በደንብ የማይታይ ከሆነ ያነሰውን ግምት ያዙ።

ደረጃ 3፦ ይዘቱንና ክብደቱን አውጡ

ሳህን ለመሰለ ጉድጓድ ይዘቱ እንዲህ ነው፦

ይዘት = 3.14 × ጥልቀት × (3 × ራዲየስ² + ጥልቀት²) ÷ 6

ራዲየሱ 10 ሜትር፣ ጥልቀቱ 4 ሜትር ነው። 3.14 × 4 × 316 ÷ 6 ወደ 660 ኩቢክ ሜትር ይሰጣል።

ክብደት ለማግኘት በእፍግታ ማባዛት ነው። ግራናይት በኩቢክ ሜትር 2,700 ኪሎ ነው። ኮንክሪት 2,400፣ ብረት 7,850፣ ውሃ 1,000። የእኛ ዓለት 660 × 2,700 ስለሆነ 1.78 ሚሊዮን ኪሎ፣ ማለትም 1,780 ቶን ያህል ይመዝናል።

ሕንፃ ስታሰሉ ውስጡ አየር መሆኑን አትርሱ። ባለ አሥር ፎቅ ሕንፃን እንደ አንድ ድፍን የኮንክሪት ብሎክ የሚያሰላ ሰው ያጋጥማችኋል። ግድግዳውን፣ ወለሉንና ምሰሶውን ብቻ ነው መቁጠር ያለባችሁ።

ደረጃ 4፦ ምን እንደሆነ ለዩና ፎርሙላውን ምረጡ

እዚህ ጋ ረጋ እንበል። አንድን ነገር መወርወር፣ መስበር፣ ማቅለጥና ማፈንዳት የተለያየ ሒሳብ አላቸው።

ነገሩ ወደ ላይ ከተነሣ ኢነርጂው ክብደት × 9.81 × ከፍታ ነው። ሰዓት አይጠይቅም፤ ስለዚህ በጣም የሚታመነው እሱ ነው። የእኛ ስባሪ 30 ሜትር ተነሣ ብለናል። 1.78 ሚሊዮን × 9.81 × 30 ወደ 520 ሚሊዮን ጁል ይሆናል።

ነገሩ ከተወረወረ 0.5 × ክብደት × ፍጥነት² ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ 3 ሜትር የሆነ ክብ ቋጥኝ 38 ቶን ያህል ይመዝናል። ገጸ ባሕርዩ በሰከንድ 50 ሜትር ቢወረውረው ወደ 48 ሚሊዮን ጁል ነው። ይህ ወደ 11 ኪሎ ቲኤንቲ (የፍንዳታ መለኪያ የሆነ ፈንጂ) ይጠጋል። በዓይን ሲታይ የሚያስደነግጥ ነገር በቁጥር እንዲህ ሲያንስ ማየት በዚህ ሥራ የተለመደ ነው።

ከተሰበረ ጉዳዩ ይወሳሰባል። በዚህ ስሌት የሚዝናኑ ሰዎች የለመዷቸው ቁጥሮች አሉ። ለዓለት በኩቢክ ሴንቲ ሜትር ተራ ስብርባሪ 8 ጁል፣ ከባድ ስብርባሪ 69 ጁል፣ ወደ ዱቄት መፈጨት 214 ጁል፣ ወደ ትነት መቀየር 25,700 ጁል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የመጡት ከድንጋይ ጥንካሬ ነው። ጥንካሬ በፓስካል ይለካል፤ አንድ ፓስካል ደግሞ አንድ ጁል በኩቢክ ሜትር ነው። ስለዚህ 8 ሜጋፓስካል (8 ሚሊዮን ፓስካል) በቀጥታ 8 ጁል በኩቢክ ሴንቲ ሜትር ተደርጎ ተወሰደ።

እኔ ይህን አቋራጭ በጥርጣሬ ነው የማየው። ድንጋይ የሚሰነጠቅበት ግፊትና ድንጋዩን ለመስበር የሚወጣው ጠቅላላ ኢነርጂ አንድ አይደሉም። ስንጥቅ ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ይሮጣል እንጂ እያንዳንዷ ቅንጣት እስክትደቅ አይጠብቅም። እውነተኛውን ዓለም መጠየቅ ይሻላል። የድንጋይ ካባ ውስጥ አንድ ኩቢክ ሜትር ዓለት ለመስበር ግማሽ ኪሎ አካባቢ ፈንጂ ይበቃል። አንድ ኪሎ ፈንጂ ወደ 4 ሚሊዮን ጁል አለው። ስለዚህ በኩቢክ ሜትር 2 ሚሊዮን ጁል፣ በኩቢክ ሴንቲ ሜትር ደግሞ 2 ጁል ሆነ ማለት ነው። የተለመደው 8 ራሱ አራት እጥፍ ቸር ነው።

የምጠቀመው እንዲህ ነው፦ 2ን እንደ ዝቅተኛ፣ 8ን እንደ ከፍተኛ። 69ንና 214ን የምነካው ምስሉ አሸዋ ወይም ዱቄት በግልጽ ሲያሳይ ብቻ ነው። የአቧራ ደመና መታየቱ አይበቃም። ሠዓሊ ድመት ስትዘልም አቧራ ይስላል።

የእኛ 660 ኩቢክ ሜትር በ2 ሲሰላ 1.32 ቢሊዮን ጁል ነው፤ በ8 ሲሰላ 5.28 ቢሊዮን። ስባሪውን ያነሣው 520 ሚሊዮን ሲደመር ከ1.8 እስከ 5.8 ቢሊዮን ጁል ይሆናል። በ214 ብናሰላው ኖሮ 141 ቢሊዮን በወጣ ነበር። አንድ ዓይነት ጉድጓድ፣ አንድ ዓይነት ቡጢ፤ የተቀየረው የመረጥነው ቁጥር ብቻ ነው። "ያንተ ስሌት ስንት አወጣ?" ከማለታችሁ በፊት "በስንት ጁል አሰላኸው?" በሉ።

ሙቀት ከሆነ ክብደት × የነገሩ የሙቀት አቅም × የጨመረው ዲግሪ ነው፤ ከቀለጠ ወይም ከተነነ ለዚያ የሚያስፈልገው ይታከላል። አንድ ኪሎ ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ እስኪፈላ 335 ሺህ ጁል ይፈልጋል። ፈልቶ ሙሉ በሙሉ እስኪተን ተጨማሪ 2.26 ሚሊዮን። በድምሩ 2.6 ሚሊዮን ጁል ያህል። አሁን 25 በ10 ሜትር የሆነ፣ 2 ሜትር ጥልቀት ያለው የመዋኛ ገንዳ አስቡ። 500 ሺህ ሊትር ውሃ ነው። የእሳት ጌታ የሆነ ገጸ ባሕርይ እፍ ብሎ ቢያተነው 1.3 ትሪሊዮን ጁል አወጣ። ይህ ከላይ ካሰላነው ጉድጓድ ከ200 እጥፍ በላይ ነው! ትዕይንቱን ሁለቱን ጎን ለጎን ብታዩ ግን ሁሉም የሚያጨበጭበው ለቡጢው ነው። ሙቀት ዝምተኛ ስለሆነ ይናቃል። የእሳትና የውሃ ጥቃት ያላቸውን ገጸ ባሕርያት በደንብ ፈትሹ።

በረዶ ማድረግ ለየት ይላል። አንድ ኪሎ ውሃ በዜሮ ዲግሪ በረዶ ሲሆን 334 ሺህ ጁል ይወጣለታል። ይወጣለታል ነው፣ አይገባለትም። ይህን ከቡጢ ጋር አንድ ሰንጠረዥ ውስጥ ማስቀመጥ አይመቸኝም። ለብቻው አስቀምጡት።

ፍንዳታ ሲሆን ደግሞ ቴይለርን ማስታወስ ያስፈልጋል። ሐምሌ 1945 በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ በረሃ የመጀመሪያው የኑክሌር ሙከራ ተደረገ። የፍንዳታው መጠን ምስጢር ነበር። በ1947 ግን የእሳቱን ኳስ የሚያሳዩ ፎቶዎች ከነሰዓታቸውና ከነመለኪያቸው ወጡ። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ጄፍሪ ቴይለር ፎቶዎቹን ለክቶ የቦምቡን ኢነርጂ አሰላና በ1950 አሳተመው። ምስል፣ ማስመሪያ፣ ፎርሙላ፤ እኛ ከምንሠራው በመርሕ ደረጃ አይለይም።

ፎርሙላው ሲቀል እንዲህ ነው፦

ኢነርጂ = የአየር እፍግታ × ራዲየስ⁵ ÷ ሰዓት²

ከፍንዳታው 0.025 ሰከንድ በኋላ የእሳቱ ኳስ ራዲየስ 140 ሜትር አካባቢ ነበር። የአየር እፍግታ 1.2 ነው። አስሉት፤ ወደ 10¹⁴ ጁል ይወጣል፤ 25 ኪሎ ቶን (25 ሺህ ቶን) ቲኤንቲ ያህል። ቴይለር ራሱ በረቀቀው ስሌት 17 ኪሎ ቶን አካባቢ አገኘ። ለብዙ ዓመት ሲጠቀስ የኖረው ይፋዊ ቁጥር ደግሞ 21 ነው። በፎቶ ብቻ እዚህ ድረስ መቅረብ የሚያስደንቅ ነው። ሆኖም ራዲየሱ አምስት ጊዜ በራሱ እንደሚባዛ ልብ በሉ። በ10 በመቶ ብታጋንኑት መልሱ በ61 በመቶ ያድጋል። ፎርሙላው የሚሠራውም በአየር ውስጥ በቅጽበት ለፈነዳና ገና በመስፋፋት ላይ ላለ ኳስ ነው። ጭሱ ከቆመ በኋላ ያለውን ደመና መለካት አይሆንም።

ደረጃ 5፦ ሰዓትና ፍጥነት

አኒሜ በአብዛኛው በሰከንድ 24 ፍሬም ነው የሚሄደው። ግን ሠዓሊዎቹ ለእያንዳንዱ ፍሬም አዲስ ሥዕል አይሠሩም። አንዱ ሥዕል ሁለት ወይም ሦስት ፍሬም ይቆያል። ስለዚህ በአንድ ሥዕልና በሚቀጥለው መካከል ያለውን ሰዓት ስትቆጥሩ 1/24 ሰከንድ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። 1/12 ወይም 1/8 ሊሆን ይችላል። ፍጥነቱ እስከ ሦስት እጥፍ፣ ኢነርጂው እስከ ዘጠኝ እጥፍ ይለወጣል።

ማንጋና ኮሚክ ላይ ደግሞ ሰዓት የሚባል ነገር የለም። ከአንዱ ፓነል ወደ ሌላው ግማሽ ሰከንድ ይሁን ግማሽ ደቂቃ ማን ያውቃል? ለፍጥነት የሚሆን ነገር ከሌለ ፍጥነት የማይጠይቀውን ፎርሙላ ተጠቀሙ።

"ብርሃንን ይቀድማል" ለሚባሉት ጀግኖች አንድ ማሳሰቢያ። ከብርሃን ፍጥነት እስከ 10 በመቶ ድረስ ተራው ፎርሙላ ያስኬዳል፤ ስሕተቱ ከ1 በመቶ በታች ነው። ከዚያ በላይ የአንስታይን ፎርሙላ ያስፈልጋል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በብርሃን ፍጥነት 99 በመቶ ቢሮጥ ኢነርጂው 3.8 × 10¹⁹ ጁል ነው። ወደ 9 ቢሊዮን ቶን ቲኤንቲ! ይህ ሰው ሲሮጥ መንገድ ዳር ያለው የአበባ ማስቀመጫ እንኳ ካልወደቀ ምስሉ ያንን ኢነርጂ አያሳይም። ፍጥነቱን መዝግቡለት፤ ከፍጥነቱ ግን የቡጢ ኃይል አታውጡለት። የሚተኩሰው "ጨረር" ደግሞ ከጎን ሲጓዝ እየታየ ከሆነ ወይም መንገድ ላይ ከታጠፈ ብርሃን አይደለም። እሱን ያመለጠም ብርሃንን አላመለጠም።

ደረጃ 6፦ ወደሚገባ ነገር ቀይሩት

ቢሊዮን ጁል ለአንባቢ ምንም አይነግረውም። አንድ ቶን ቲኤንቲ 4.184 ቢሊዮን ጁል ነው፤ በዚህ አካፍሉ። የእኛ ቡጢ ከ0.4 እስከ 1.4 ቶን ይወጣል።

ለማነጻጸር፦ የጎበዝ ቦክሰኛ ቡጢ ጥቂት መቶ ጁል ነው። አንድ መብረቅ አንድ ቢሊዮን ጁል አካባቢ ነው። ሂሮሺማ ላይ የወደቀው ቦምብ 15 ሺህ ቶን ቲኤንቲ ያህል ነበር። በ1961 ሶቪየት ኅብረት የሞከረችው ዛር ቦምባ 50 ሚሊዮን ቶን፣ ማለትም 2.1 × 10¹⁷ ጁል ነበር። ስለዚህ መሬት የሚሰነጥቀው ጀግናችን ከጥቂት መብረቅ ጋር ነው የሚሰለፈው። ከተማ ለማጥፋት ገና ብዙ ይቀረዋል።

አሁን ትልቁን ምሳሌ እንይ፤ ጨረቃን። በአኪራ ቶሪያማ ማንጋ "ድራጎን ቦል" ውስጥ ሽማግሌው ማስተር ሮሺ በውድድር መሐል ጨረቃን ያፈነዳታል። ምክንያት አለው፦ ሙሉ ጨረቃ ያየው ዋናው ገጸ ባሕርይ ጎኩ ወደ ግዙፍ ዝንጀሮ ተለውጧል። ጨረቃዋ ከጠፋች ዝንጀሮውም ይጠፋል።

እዚህ የድንጋይ ጥንካሬ አይሠራም። ትልቅ የሰማይ አካልን ብትሰብሩት ስባሪው በራሱ ስበት ተመልሶ ይሰበሰባል። እንዳይመለስ አድርጎ ለመበተን የሚያስፈልገው ኢነርጂ ይህ ነው፦

ኢነርጂ = 0.6 × የስበት ቋሚ ቁጥር × ክብደት² ÷ ራዲየስ

የስበት ቋሚ ቁጥር 6.674 × 10⁻¹¹ ነው። የጨረቃ ክብደት 7.35 × 10²² ኪሎ፣ ራዲየሷ 1,737 ኪሎ ሜትር ነው፤ ወደ ሜትር መቀየር እንዳይረሳ። ውጤቱ 1.25 × 10²⁹ ጁል ገደማ ነው። ፀሐይ በሁሉም አቅጣጫ የምታመነጨው በሰከንድ 3.8 × 10²⁶ ጁል ስለሆነ፣ የአምስት ደቂቃ ተኩል የፀሐይ ኢነርጂ ማለት ነው። በዛር ቦምባ ወደ 600 ቢሊዮን ቦምብ።

እስካሁን ጥሩ ነው። አሁን አንዱ ተነሥቶ "ስባሪው በአንድ ሰከንድ ውስጥ የጨረቃን ራዲየስ ያህል ርቆ ሄዷል" ይላል እንበል። ያ ማለት ከዳር ያለው ስባሪ በሰከንድ 1,737 ኪሎ ሜትር ይበራል ማለት ነው። ከመሐል ያለው ቀስ እንደሚል ቆጥረን 0.3 × ክብደት × ፍጥነት² ብናሰላ 6.6 × 10³⁴ ጁል ይወጣል። ከመጀመሪያው ግማሽ ሚሊዮን ጊዜ በላይ! የተለየው ነገር አንድ ሰከንድ ነው፤ ያውም ተመልካቹ እንዳይሰለች ተብሎ የተቆረጠ ሰከንድ። ለዚህ ነው እኔ የስበቱን መልስ የምይዘው። ጨረቃዋ ጠፍታለች፤ ምስሉ የግድ የሚለው ይህንን ነው። የስባሪው ፍጥነት የአርትዖት ጉዳይ ነው።

ሌላም አለ። እኚሁ ሽማግሌ በሌላ ጊዜ ሲጣሉ የሚፈርሰው ቋጥኝና ግድግዳ ነው። ጨረቃዋ የጠፋችው ታሪኩ እንድትጠፋ ስለፈለገ ነው። ስሌቱን ሥሩት፣ ተደሰቱበት፤ ግን "እያንዳንዱ ቡጢያቸው ጨረቃ ያፈርሳል" ብላችሁ ወደ ሌላ ትዕይንት አትውሰዱት። አንድ ጊዜ ብቻ የታየና ከሌላው ሁሉ በቢሊዮን እጥፍ የሚርቅ ውጤት ከጎኑ "ነጠላ" ተብሎ ይጻፍበት።

ደረጃ 7፦ ለተመቺው ስንቱ ደረሰ?

"ፍንዳታውን ተቋቋመ፤ ስለዚህ ሰውነቱ 15 ሺህ ቶን ይችላል።" ይህን አትበሉ። ፍንዳታ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ነው የሚሄደው። ለአንድ ሰው የሚደርሰው የፊት ለፊት ስፋቱ ያህል ብቻ ነው፤ ለአዋቂ 0.7 ስኩዌር ሜትር ብንል ያስኬዳል።

የደረሰው = ጠቅላላ ኢነርጂ × 0.7 ÷ (4 × 3.14 × ርቀት²)

15 ሺህ ቶን ቦምብ 500 ሜትር ርቀት ላይ ቢፈነዳ ለገጸ ባሕርዩ የሚደርሰው 14 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ሦስት ኪሎ ተኩል ቲኤንቲ እንኳ አይሞላም። ለሰው ልጅ ገዳይ ነው፤ ከ15 ሺህ ቶን ጋር ግን አይገናኝም። ፍንዳታው መሐል ቆሞ ከተቃጠለና ከተረፈ ያ ሌላ ነገር ነው።

ደረጃ 8፦ ሦስት መልስ ጻፉ

አንድ ቁጥር ብቻ የሚያቀርብ ሰው አይታመን። ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ አውጡ። ዝቅተኛው ላይ ሁሉንም ጥርጣሬ በጀግናው ላይ አድርጉት፤ ከፍተኛው ላይ ለእሱ አድሉለት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከሺህ እጥፍ ካለፈ ትዕይንቱ ለስሌት አይሆንም፤ ሌላ ፈልጉ።

ከሁሉ የምጠላው ደግሞ ስሌት በስሌት ላይ መቆለል ነው። የገጸ ባሕርዩን ፍጥነት ከአንድ ትዕይንት ገምቶ፣ ያንን ፍጥነት ይዞ ሌላ ትዕይንት ላይ ሰዓት ገምቶ፣ በዚያ ሰዓት ደግሞ የሦስተኛውን ኢነርጂ ማውጣት። እያንዳንዱ ግምት ሁለት እጥፍ ቢሳሳትና ፍጥነቱም በስኩዌር ቢገባ መልሱ የት እንደሚደርስ አስቡት።

ስትጨርሱ የትዕይንቱን ክፍልና ደቂቃ፣ የለካችሁበትን ምስል ከነመስመሮቹ፣ የተጠቀማችሁበትን ማስመሪያ፣ የዓለቱን እፍግታና በኩቢክ ሴንቲ ሜትር የያዛችሁትን ጁል በአንድ ገጽ ላይ አስቀምጡ። ያኔ የሚቃወማችሁ ሰው "ውሸት ነው" ብሎ አይጮህም፤ አንዱን መስመር ይነካል። "ጥልቀቱ 4 ሜትር አይደለም፣ 3 ነው" ካላችሁ ቁጥሩን ቀይሩ። ይዘቱ ከ660 ወደ 485 ኩቢክ ሜትር ይወርዳል፤ ከፍተኛው መልስም ከ1.4 ቶን ወደ 1 ቶን ገደማ።